እመጉምን አበላሽቶ መሣል

ይርዳው ልሳነወርቅን «ስንት ተራራ አፈረስክ?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ቢገኝ ኖሮ፣ አፍንጫውን ነፍቶ «እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ድማሚት በእጄ ነክቼ አላውቅም» ይለው ነበር። እውነቱን ነው፤ አልነካም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ተራራ ከድማሚቱ በፊት በብሩሽ እንደሚፈርስ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ይርዳውም ያውቃል፤ እያወቀም እንቅልፉን ይለጥጣል።

ከተማው ወደ ላይ ማደግ ከጀመረ ሁለት ትውልድ አልፎታል። ማማ በማማ ላይ ሲነባበር ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋዩ ደግሞ ያለው ተራራ ላይ ነው። መጀመሪያ በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ተፈጭተው ጠጠር ሆኑ፣ ከዚያ ተራው ራቅ ወዳሉት ደረሰ። ባላገሩ ማጉረምረም ሲጀምር የመልክዓ ምድር ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመና ደንብ አወጣ። ባለማዕረግ ሠዓሊ የሣለው፣ የአካባቢው ሰውም ሥዕሉን አይቶ ልቡ የተነካለት ተራራ፣ ድንጋዩ ቢወሰድም እንዳለ ይቆጠራል። ሥዕሉ ከግማሽ የሚበልጠውን ሰው ልብ ካልነካ ግን፣ በዚያ ተራራ ላይ ለአንድ ትውልድ ማንም ድርሽ አይልም።

ለዚህ ሥራ ፎቶግራፍ ተሞክሮ ነበር፤ አልሆነም። ፎቶግራፍ ያሳዩት ባላገር «አዎ፣ ተራራችን ይሄ ነው፤ ዞር በሉልን» ይላል። ማዕበል ያረገዘ ሰማይ፣ ገደሉን የሚውጥ ጭጋግ፣ ደመናውን ቀዶ የሚወርድ ብርሃን ያለበት የሮማንቲክ ሥዕል ፊቱ ሲያቆሙለት ግን ያለቅሳል፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ አቤቱታ ለመጻፍ አቅም የለውም። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ሠራተኛ ሹመት አገኘ። ሰው ሙዚየም ውስጥ ጥሎት የረሳው የድሮ ዘውግም እንደገና እንጀራ ሆነ።

የዘውጉ አውራ ይርዳው ነበር። ሊሥለው የተመደበበት ተራራ ግርጌ ድንኳን ይተክልና ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ብቻ ይሠራል። ቀትር ላይ ብሩሽ አንሥቶ አያውቅም፤ «ቀትር የነጋዴ ብርሃን ነው» ይላል። ተራራውን ካለው ቁመት ከፍ ያደርገዋል፣ ገደሉን ያጠልቀዋል፣ ዝናብ በሌለበት ወር ዝናብ ያመጣል። ከገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ሰው፣ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ፣ ጋቢው በነፋስ እየተነሣ ይቆማል። ፊት መሣል ስለማይችል ነው የሚሉ ምቀኞች ነበሩ። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

ከተሜውን ይንቃል፤ ይህ ከይርዳው ጠባዮች ሁሉ የምስማማበት አንዱ ነው። የማማው ኗሪ መስኮት የለውም። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ሳይታጠብ ግድግዳውን «ክፈት» ይለዋል፣ ግድግዳውም ከይርዳው ተራሮች አንዱን ይከፍትለታል። ማዕበሉን እያየ ፍርፍሩን ይበላል። እንግዳ ሲመጣበት «እስቲ የናንተ ጭጋግ እንዴት ነው? የኛ ወፈር ያለ ነው» እያለ ይኩራራል። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ተራራው ወደነበረበት ጉድጓድ ይወርድና፣ በጉድጓዱ አፋፍ የተሰቀለው የሥዕሉ ግልባጭ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አንዲት ሴትዮማ አንድ ቀን ይርዳው ዘንድ ደውላ «ጋሼ፣ ጭጋግዎ ልጄን አስነጠሰብኝ፤ እባክዎ ትንሽ ቢቀንሱልኝ» አለችው። ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

እንዲህ ሲኖር ሲኖር እመጉም ተመደበችለት።

እመጉም ይርዳው የተወለደባት ተራራ ናት። ብርዳም ሀገር ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል። ጉሙ ጠዋት ጠዋት ከተራራዋ ወገብ ተነሥቶ በየማሳው ስለሚበተን ነው ያን ስም ያወጡላት። ከእግሯ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ፤ በዚያ ምንጭ ውሃ የሚዞር ወፍጮ አለ፤ ወፍጮው የይርዳው ታላቅ እህት የየሻሽወርቅ ነው። ያገሬው እህል ሁሉ የሚፈጨው እሷ ዘንድ ነው፤ ሰው ተጣልቶ የሚታረቀውም፣ ልጁን የሚድረውም እዚያው የወፍጮ ተራ ሲጠብቅ ነው።

ወሬው ሲደርሳት የሻሽወርቅ ወፍጮዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ከተማ ገባች። የይርዳው መሥሪያ ክፍል በአንድ ማማ ጫፍ ላይ ነው፤ ለማዕረጉ ሲባል እውነተኛ መስኮት ተሰጥቶታል። ከመስኮቱ የሚታየው ጉድጓድና ማማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጋረጃውን አይገልጠውም። የሻሽወርቅ ግን ገና ከመግባቷ ገለጠችው።

«ያ ጉድጓድ ምንድነው?»

«ኮረብታ ነበረች፣ እትዬ።»

«አንተ የሣልካት?»

«አዎ።»

«አሁን የት አለች?»

ይርዳው ፊት ለፊት ባለው ማማ ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚያበራውን ሥዕል አሳያት። የሻሽወርቅ ሥዕሉን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ መጋረጃውን መለሰችው።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች። «እኛንም እንደዚህ ልታደርገን ነው?»

«እኔ አልጠየቅኩም፤ ተመደብኩ እንጂ።»

«ጠይቀህማ ቢሆን ደጅህን አልረግጥም ነበር። ስማኝ ወንድም ዓለም። ሰው ተሰብስቦ መክሯል። ሽማግሌው ጓንጉል፣ ሥዕሉ ሲመጣ ሁላችንም ልባችንን እንያዝ፣ ሲገለጥ የጥርስ ሕመማችንን እናስብ ብሏል። እኔ ግን ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ። አፋችንን እንይዛለን፤ ልባችንን መያዝ አንችልም። ሥዕሉን ስናይ እጃችን ላይ የሚያጠልቁልን አምባር የሚለካው ደግሞ ልብን ነው። እጅህን መያዝ የምትችለው አንተ ነህ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አበላሽተህ ሣላት።»

ይርዳው ሳቀ። በሥራ ዘመኑ ያልተጠየቀው ነገር አልነበረም፤ ደመና ጨምር፣ ንስር አስገባ፣ የሚኒስትሩን አባት መንደር ወደዚህ አምጣልን ተብሏል። አበላሽ ያለው ግን አልነበረም።

«አበላሽቼ መሣል አልችልበትም፣ እትዬ።»

«ልጅ ሳለህ አሳምረህ ትችልበት ነበር። የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በከሰል አጨማልቀህ እናታችን ያሳደደችህን ረሳኸው?» አለችና ፈገግታዋን ዋጠችው። «ተራራዋ ከሄደች ምንጩ ይሄዳል። ምንጩ ከሄደ ወፍጮው ይቆማል። ከዚያ ሰው ምን ይዞት ይቀመጣል? ይበተናል። እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ማማ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ክፈት ልበል?»

ይርዳው እህቱን ማማ ላይ፣ ግድግዳ እየለመነች፣ በዐይነ ኅሊናው አያት። በእናቱ አጥንት ምሎ «አበላሻታለሁ» አላት፤ ሲምልም ከልቡ ነበር። የዚያን ዕለት እህቱን ወደዳት፣ ከሷም ይበልጥ ራሱን ወደደ።

እመጉም ግርጌ ድንኳኑን ተከለ። አበላሽቶ ለመሣል የመረጠው መንገድ የእሱ ዐይነት ሰው ብቻ የሚመርጠው ነበር፤ ተራራዋን እንዳለች ሊሥላት ወሰነ። ጭጋጉ ተበትኖ እስኪያልቅ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ይጠብቅና ይጀምራል። በቀትር እመጉም ሆዷ የተገመሰ፣ ቁጥቋጦዋ የሳሳ፣ ቀለሟ የአህያ ጀርባ የመሰለ ድንጋይ ናት። እሷን ሣለ። ቁመቷን አልጨመረም። ሰማዩን ባዶ ተወው። ከወገቧ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ጣራ ሳይቀር አስገባ። ሲጨርስ ሸራው ላይ የነበረው፣ ማንም መንገደኛ ዞር ብሎ ሳያየው የሚያልፈው ነገር ነበር።

የሻሽወርቅን ጠርቶ አሳያት። ዱቄት በዱቄት እንደሆነች መጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እሰይ! እሰይ ያባቴ ልጅ! ይሄማ እንኳን ሰው ዝንብም አያሳርፍ። ምን መዓት ነው ይሄ?»

ይርዳው አብሯት ሳቀ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። እህቱን ደስ እንዲላት ያደረገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ «ምን መዓት ነው» ያለችው ቃል ሆዱ ገብታ ቀረች። ዕድሜውን ሙሉ በሚንቃቸው ሰዎች ሲደነቅ የኖረ ሰው፣ ለሚወደው ሰው መሳለቂያ መሆንን አልለመደም።

በማግስቱ ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ባለሙያዋ መጣች። ሶልያና ትባላለች፤ የይርዳው ተማሪ የነበረች፣ ብሩሾቹን ስታጥብለት የኖረች፣ ሰማይ ስትሥል «የታጠበ አንሶላ ነው» እያለ በክፍሉ ሰው ፊት ያዋረዳት ሴት ናት። አሁን ሥዕል ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት አይታ የምታሳልፈው እሷ ሆናለች። የምትበር መኪናዋን ከገብሱ ማሳ ዳር አሳርፋ ወረደች።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ብርዱ አልበረታብዎትም?»

«ብርዱ የኔ ነው፤ እዚህ ነው የተወለድኩት። እነሆ ሥዕሉ።»

ስድብ ቢመጣ የሚመልሰው ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ስለ እውነት፣ ስለ ቀትር ብርሃን፣ ስለ አዲስ መንገድ የሚያወራው ብዙ ነገር ነበረው። ሶልያና ግን አልሰደበችውም። ሸራውን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ዘወር ብላ ይርዳውን አየችው፤ ፊቷ በሐዘን ለሰለሰ። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። «ሰው ነዎት። ዐይን ይደክማል፣ እጅም ይደክማል። ማንም አይስቅብዎትም፤ እኔ አለሁ።»

«ምን?»

«ስምዎን ሳንጠራ እናቀርበዋለን። ባይነካቸውም ተራራው ይቆያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ለክብርዎ ብዬ ነው። ከፈቀዱልኝ ደግሞ…» ሶልያና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ እንደሚናገሩት። «ሰማዩን እኔ ትንሽ ልነካካልዎ?»

ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ አላፌዘችበትም። ከልቧ አዝናለት ነበር። ይህ ነው ይርዳውን የገደለው። ሳታውቀው ነፃ አውጥታዋለች፤ ዝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ልጄ፣ ደከመኝ» ቢል እመጉም ለአንድ ትውልድ ትቆማለች፣ ወፍጮው ይዞራል፣ እህቱ በቤቷ ታረጃለች። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ዋጋ በአንዲት ባለሙያ ዘንድ «ደክሞታል» መባል ብቻ ነበር። ከዚህ የረከሰ ዋጋ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

«ሰማዬን የሚነካ የለም» አለ ይርዳው። «ገና አላለቀም። ስጨርስ እጠራሻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ጉሙ ከእመጉም ወገብ ላይ እየተነሣ ነበር። ለራሱ የነገረውን እነግራችኋለሁ፤ «ሰማዩን ብቻ ባስተካክለው ተራራዋ እንደ ነበረች መጥፎ ትሆናለች፤ መሐላዬ በተራራዋ እንጂ በሰማዩ አይደለም» አለ። የሚያሳፍር ነው፤ ግን ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ ከዚህ የባሰም ይናገራል።

ሰማዩን ማዕበል አስረገዘው፤ በስተምሥራቅ በኩል ደመናውን ቀድዶ ብርሃን አወረደ። ብርሃኑ ሲወርድ ተራራዋ ላይ ማረፍ ነበረበትና የመታውን ድንጋይ አበራው። የበራው ድንጋይ አጠገቡ ያለውን አሳፈረ፤ እሱንም አስተካከለው። እያለ እያለ ጫፏን ወደ ላይ ሳበው፣ ገደሏን አጠለቀው፣ የቆርቆሮውን ጣራ በጭጋግ ዋጠው። እጁ ከእሱ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። እንዲያ ያለ እጅ ከወጣትነቱ ወዲህ አልነበረውም፤ ይርዳውም የማለውን ረስቶ ሳይሆን እያስታወሰው፣ እያስታወሰውም በደስታ ይሠራ ነበር።

የቀረው ከገደሉ ጫፍ የሚቆመው ትንሹ ሰው ነው። ይርዳው ቀና ሲል የሻሽወርቅን አያት። ከወፍጮ ቤቷ ወጥታ፣ ዱቄት ያዘለ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ እመጉም እያየች ነበር። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቃትም። ምናልባት ምንም አላሰበችም፤ የዕለቱን አየር እያየች ይሆናል። በብሩሹ አወጣትና ገደሉ ጫፍ ላይ አቆማት። ከዚያ ሸራውን ሸፍኖ ሶልያናን አስጠራት።

የማሳያው ቀን ባላገሩ በሙሉ ባለሥልጣኑ በተከለው ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። በር ላይ አምባር አጠለቁለት። ልቡ ያልተነካ ሰው አምባር ጨለማ ነው፤ የተነካ እንደሆነ አረንጓዴ ይበራል። ሽማግሌው ጓንጉል ከፊት ተቀምጦ መንጋጋውን በእጁ ደግፏል፤ የምሩን ጥርሱን እያሰበ ነበር። የሻሽወርቅ ግን ዘና ብላ ነበር። የዝንብ ማረፊያ የማይሆነውን ሥዕል በዐይኗ አይታዋለችና ሰዎቹን «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ፤ ስትስቁ እንዳትታነቁ ብቻ» እያለች በየወንበሩ ታልፋለች።

ሶልያና ጨርቁን ገለጠችው።

መጀመሪያ የበራው የጓንጉል አምባር ነው፤ ሽማግሌው መንጋጋውን ለቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ይነፈርቅ ጀመር። ከኋላው ያለችው ባልቴት ተከተለችው። ከዚያ ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። እነዚህ ሰዎች እመጉምን በየጠዋቱ ሲያዩዋት የኖሩ ናቸው፤ እውነተኛዋ ከድንኳኑ ጀርባ እዚያው ቆማ ነበር፣ ዞሮ ያያት ግን አልነበረም። እንዲህ ላለው ሕዝብ ማዘን ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን በጣም ነው የተናደድኩት።

የሻሽወርቅ መተላለፊያው መሐል እንደቆመች ቀርታ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ሸራው ተጠጋች። ይርዳው አጠገቡ ቆሟል።

«ይህቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋን፣ ከዚያ ሴትዮዋ የምታየውን ተራራ አየች። እንባዋ ጉንጯ ላይ የነበረውን ዱቄት እያጠበ ወረደ። አምባሯም በራ፤ የሰዉ ብዛት ቀድሞ ከግማሽ ስላለፈ የእሷ ትርፍ ነበር።

«ታምራለች» አለች። «እግዜር ያውቃል፣ ከራሷም ትበልጣለች።»

ይርዳው በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ልክ እንደዚህ ነው የምላችሁ፤ አላዘነም፣ አላፈረም፣ ደስ አለው። እህቱን በሁለት እጁ ትከሻዋን ያዛት።

«አየሽ፣ እትዬ? አሁን ማንም አይነካትም። የልጅ ልጅ ልጆችሽ እንዲህ ሆና ያዩዋታል። እኔና አንቺ አፈር ስንሆን እመጉም ትኖራለች።»

የሻሽወርቅ ፊቷን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። ከድንኳኑ ውጭ የማሽኖቹ ሞተር ሲነሣ ተሰማ።

«ወፍጮዬን በየትኛው ውሃ ላዙር?» አለችው።

በዚህ መሐል ሶልያና እያለቀሰች «ጋሼ፣ ይምጡ፣ ሰዎች እየጠበቁዎት ነው» ብላ ጠራችው። ጓንጉልን ከፊት አድርጎ ባላገሩ እጁን ለመጨበጥ ተሰልፎ ነበር። ይርዳው የእህቱን ትከሻ ለቀቀ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፊቱን ወደ ተሰለፉት መልሶ እጁን ለጓንጉል ዘረጋ።